ስልኩን ስንነጥቃት ምሥጢሯንም አጣን

ይህን ጽሑፍ የምንጽፍላችሁ ባልና ሚስት ነን። ጸሐፊዎች አይደለንም። አንዳችን መርካቶ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ እንሸጣለን፤ አንዳችን ደግሞ ቤት ውስጥ ልጆች እናሳድጋለን። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ነው። አላህ ሦስት ልጆች ሰጥቶናል። ትልቋ 16 ዓመቷ ነው፤ ተከታዩ ወንድሟ 13፣ ትንሿ ደግሞ ገና 7 ዓመቷ ነው። ብዕር ያነሣነው ሌላውን ለማስተማር ሳይሆን፣ እኛ የሠራነውን ስሕተት ሌላው ወላጅ እንዳይደግመው ለማሳሰብ ነው።

ከመጻፋችን በፊት የልጃችንን ፈቃድ ጠይቀናል። ጽሑፉን አንብባ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስወጥታናለች፤ የቀረው ግን ይሁን ብላለች። አሥራ ስድስት ዓመት ካሳደጓት ልጅ ፈቃድ መጠየቅ ለምን አስፈለገ የምትሉ ብትኖሩ፣ መልሱን ከታሪኩ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ስልኩ እንዴት ወደ ቤታችን ገባ?

እውነቱን ለመናገር ስልኩን የገዛንላት ራሳችን ነን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ መምህራኑ ትምህርቱንና የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይልኩ ጀመር። ልጃችን ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። መጀመሪያ በእኛ ስልክ ትማር ነበር፤ ስልኩ ወደ ሱቅ ሲሄድ ግን ትምህርቱም አብሮ ይሄድ ነበርና አንድ ርካሽ ስልክ ገዛንላት። ወረርሽኙ አለፈ፤ ትምህርት ቤቱም ተከፈተ፤ ስልኩ ግን እጇ ላይ ቀረ። ኋላም ጅዳ የምትኖር አክስቷ የተሻለ ስልክ ላከችላት። እኛም «ዘመኑ ነው» ብለን ደስ አለን። እንግዳ ሲመጣ ልጆቹን ዝም ማሰኛ፣ ትንሿ ስታለቅስ ማባበያ የምናደርገው እኛው ነበርን። ስለዚህ «ልጆቹ በስልክ ተበላሹ» ብለን ስናማርር፣ ስልኩን በእጃቸው ያስያዝናቸው እነማን እንደሆንን መርሳት የለብንም።

ነገሩ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። ለሱብሒ ሶላት ስንቀሰቅሳት እንደ ድሮው ቶሎ መነሣት አቃታት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን አስቀምጣ ቀጥታ ወደ አልጋዋ ትሄዳለች። እራት ላይ አንድ እጇ እንጀራው ላይ፣ አንድ እጇ ስልኩ ላይ ነው። የሒሳብ ውጤቷ ወረደ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ውኃ ለመጠጣት ስንነሣ ከብርድ ልብሷ ሥር ብርሃን አየን። ሰዓቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር።

በማግስቱ ምንም ሳንመካከር፣ ምን እያየች እንደነበረም ሳንጠይቃት ስልኩን ከእጇ ነጠቅናት፤ ቁም ሣጥን ውስጥም ቆለፍንበት። አለቀሰች፤ ለመነችን፤ እኛ ግን አልሰማናትም። ለሁለት ሳምንት ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታውን ሰላም ነው ብለን ተረጎምነው። እራት ላይ እንደ ልጅነቷ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ቶሎም ትተኛ ጀመር። ያሸነፍን መሰለን።

ዳሩ ግን ከትምህርት ቤት በኋላ በጓደኛዋ ስልክ ሌላ አካውንት ከፍታ እንደነበረ ደረስንበት። ተቆጣን። ፈተናው ሲያልቅ ስልኩን መለስንላት፤ ስንመልስላት ግን እንዲህ ብለን ዛትን፦ «ከአሁን በኋላ በዚህ ስልክ ምክንያት አንዲት ነገር ብንሰማ፣ ስልክ የሚባል ነገር ሁለተኛ በእጅሽ አይገባም!» አበው «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ። በዚያች ዐረፍተ ነገር ራሳችን ላይ ፈረድን።

የሦስት ሳምንት ዝምታ

በጥር ወር የአጎቷ ልጅ ሠርግ ነበር። ሴቶቹ ለብቻቸው በተሰበሰቡበት ቤት ልጃገረዶቹ ሒና ተቀብተው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው ሲጫወቱ አንዲት ወጣት ዘመዳችን ፎቶ አነሣቻቸው። ልጅቷ ክፉ አላሰበችም። ፎቶውን ጓደኞቿ ብቻ እንዲያዩት፣ ያውም ለአንድ ቀን ብቻ እንዲቆይ አድርጋ ለጠፈችው። ነገር ግን አንድ ቀን ለአንድ ስክሪንሾት ከበቂ በላይ ነው። ከጓደኞቿ አንዷ አስቀረችው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ልጃችን የምትማርበት ክፍል ተማሪዎች ከሚጻጻፉበት ግሩፕ ደረሰ። እዚያ አንድ ልጅ የእሷን ምስል ብቻ ቆርጦ አወጣው። «ሒጃቡ ለትምህርት ቤት ነው» የሚል ፌዝ ጻፈበት። ሌሎቹም እየሳቁ ተቀባበሉት።

እኛ ይህን ሁሉ አናውቅም። ያየነው ነገር ቢኖር ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለቷን ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ተመርምራ ምንም አልተገኘባትም። ቅዳሜ ወደ መድረሳ መሄዱን ተወች። የምትወደው ምግብ ሲቀርብ እንኳ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትነሣለች። «ጉርምስና ነው፤ ያልፋል» አልን። ስልኳን ቶሎ ቶሎ ስታይ ደግሞ «ይኸው፣ ዛሬም አልተውሽውም!» እንላታለን።

ረመዷን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማታ ታናሽ ወንድሟ ቀረብ ብሎ «እማዬ፣ እህቴን እኮ ትምህርት ቤት ይስቁባታል» አለ። ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻለም፤ አለቀሰ።

ክፍሏ ገብተን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ብዙ ቆየን። በመጨረሻም ስልኩን ከፍታ ፎቶውን አሳየችን። ሦስት ሳምንት ሆኖታል። «ልጄ፣ ለምን አልነገርሽንም?» አልናት። የሰጠችን መልስ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «ብነግራችሁ ስልኬን ትቀሙኛላችሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ስለ እኔ ምን እያሉ እንደሆነ እንኳ ማየት አልችልም» አለች።

አንባብያን ሆይ! ልጃችን የፈራችው የሳቁባትን ልጆች ሳይሆን እኛን ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷ ግን በሽታዋን የሸሸገችው ሐኪሙ በጣም ስላስፈራት ነው። ሐኪሞቹ ደግሞ እኛ ነበርን።

ምን አደረግን?

ያን ሌሊት አንዳችን ልንቆጣ ስንነሣ አንዳችን ክንድ ያዝን። መጀመሪያ የነገርናት «ጥፋተኛዋ አንቺ አይደለሽም» የሚለውን ነው። ሁለተኛው ነገር «ስልክሽን አንወስድም» የሚል ነበር። ይህን ስትሰማ የሦስት ሳምንት ልቅሶ አለቀሰች።

በማግስቱ ያደረግነውን በዝርዝር የምንጽፈው ለሌላ ወላጅ ሊጠቅም ይችላል በሚል ነው። ፎቶውን ከማስጠፋታችን በፊት፣ የለጠፈው ልጅ ስምና ቀኑ እንዲታይ አድርገን ስክሪንሾት አነሣን፤ ቀድሞ ከጠፋ ማስረጃው አብሮ ይጠፋልና። ቀጥሎም በዚያው መተግበሪያ ውስጥ ባለው የአቤቱታ መንገድ ሪፖርት አደረግን። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድን። የክፍል ኃላፊው «ይህ ከግቢያችን ውጭ የተፈጸመ ነው» ብሎ መለሰን። አልተውነውም፤ ወደ ርዕሰ መምህሩ ወጣን። ጉዳዩ የተፈጸመው በስልክ ቢሆንም ሳቁ ያለው ክፍል ውስጥ መሆኑን ስናስረዳ ሰሙን። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት የሰውን ክብር የሚነካ ጽሑፍም ሆነ ምስል በዚህ መንገድ ማሰራጨት ወንጀል መሆኑንም አነሣን። ይህን ያነሣነው የሰው ልጅ ለማሳሰር ሳይሆን ነገሩ የልጆች ጨዋታ ተብሎ እንዳይታለፍ ነው።

ፎቶውን የለጠፈው ልጅ ከአባቱ ጋር ቤታችን መጣ። አባትየው ከበሩ ሳያልፍ «ወንድሜ፣ እህቴ፣ አፉ በሉን» አለ። ልጁ 15 ዓመቱ ነው፤ ቀና ማለት አቃተው። «ሁሉም ስለሳቀ ቀልድ መስሎኝ ነው» አለ። አፉ አልን። የዚያን አባት ፊት ስናይ፣ ነገ የእኛም ልጅ በሌላ ሰው ደጃፍ እንዲህ ሊቆም እንደሚችል አሰብን። ፎቶው ከግሩፑ ጠፋ። በማን ስልክ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ ግን አላህ ነው የሚያውቀው።

ስልኩ ውስጥ ያለው ነገር እንዴት ተሠራ?

ከዚያ በኋላ ስለማናውቀው ነገር መቆጣት ትተን ማንበብና መጠየቅ ጀመርን። የተረዳነውን ጥቂት እናካፍላችሁ።

አንደኛው ነገር፣ ልጆቻችን ማቆም ያቃታቸው ሰነፎች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ድሮ አንድ ገጽ አንብበን ስንጨርስ ያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ገጹ መጨረሻ ሳይኖረው፣ በጣት ሲገፉት ሌላ እየጨመረ የሚሄድበትን አሠራር ፈለሰፈ። ይህ ሰው ኋላ ላይ በሥራው መጸጸቱን በይፋ ተናግሯል። ፌስቡክም «ላይክ» የሚለውን ምልክት ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ማለቂያ የሌለው ገጽና ሰዎች ወደዱኝ ወይስ አልወደዱኝም የሚል ቆጠራ ባንድነት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጅ ሲገቡ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። እኛ አዋቂዎቹስ መቼ አቆምን?

ሁለተኛው ስለ ዕድሜ ነው። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች «ከ13 ዓመት በላይ» ይላሉ። እኛ ይህን ሐኪሞች ለክተው የወሰኑት ዕድሜ አድርገን እናስብ ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ቁጥሩ የመጣው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ካወጣችው ሕግ ነው። ሕጉ ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ እንዳይሰበስቡ ይከለክላል። ልጁ በ13 ዓመቱ ለዚህ ዓለም ደርሷል ማለት አይደለም። ለዚህም ነው አንዳንድ አገሮች ሌላ መስመር ያሰመሩት፤ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በታላላቆቹ መድረኮች አካውንት እንዳይኖራቸው ወስና፣ ሕጉ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር በቤታችን አገኘን። ወንዱ ልጃችን በ11 ዓመቱ ቲክቶክ ሲከፍት የትውልድ ዘመኑን ዋሽቶ አዋቂ አድርጎ ጽፎ ነበር። ቀላል ውሸት ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ቀጥታ መልእክት እንዳይላላኩ እ.ኤ.አ. በ2020፣ አካውንታቸውም ከጅምሩ ለሁሉም ክፍት እንዳይሆን በ2021 ወስኗል። በ2023 ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ላሉት በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ አስቀምጧል። ኢንስታግራምም በ2024 ለታዳጊዎች የተለየ አካውንት ጀምሯል። ልጁ «ሠላሳ ዓመቴ ነው» ብሎ ከገባ ግን ይህ ሁሉ አጥር አይሠራለትም። አካውንቱን አጥፍተን፣ 13 ዓመት ሲሞላው በእውነተኛ ዕድሜው አብረነው ከፈትንለት። አጥሩ ራሱ ሊዘለል የሚችል መሆኑን እናውቃለን፤ የ60 ደቂቃው ገደብ ሲያልቅ ልጁ ራሱ የይለፍ ቁጥር አስገብቶ ሊቀጥል ይችላል። ቢሆንም አጥር የሌለው ግቢና አጭር አጥር ያለው ግቢ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ስለ ጤና ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ቪቬክ ሙርቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ማሳሰቢያ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች ለድብርትና ለጭንቀት ምልክቶች ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ መሆኑን ጠቅሰዋል። ይህ ማለት ግን ስልክ የነካ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። አስቀድሞ የከፋው ልጅም ወደ ስልኩ ይሸሻል። የእኛ ልጅ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ስልኳን አብዝታ የነካችው ስለተጎዳች ነበር፤ እኛ ግን የምልክቱን ምክንያት ሳንጠይቅ ምልክቱን እንገሥጽ ነበር።

አራተኛው እንቅልፍ ነው። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራሉ። እስቲ እናስላው። ልጃችን ለሱብሒ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል የምትነሣ ከሆነ፣ 8 ሰዓት እንኳ ለመተኛት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኗ መከደን አለበት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ስልክ የሚያይ ልጅ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሲቀሰቀስ አለመነሣቱ የኢማን ድክመት ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት የእንቅልፉን ሒሳብ ማየት ይገባናል።

ውላችን

ረመዷን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ማታ፣ ከእራት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ተቀመጥን። ለልጆቹ ሕግ ልናወጣ ነበር ያሰብነው። ልጃችን ግን ዝም ብላ ቆይታ «አባዬ፣ አንተስ እራት ላይ ስልክ አታይም እንዴ? እማዬስ ወጥ እየሠራች ግሩፕ አትከፍትም?» አለች። ደነገጥን። አንዳችን የደንበኛ ትእዛዝ ነው፣ አንዳችን የዘመድ ጉዳይ ነው ልንል ፈለግን፤ ሆኖም እውነቷን ነበርና ዝም አልን። ስለዚህ ሕጉ የልጆች መሆኑ ቀረና የቤቱ ሁሉ ውል ሆነ። ውሉም እንዲህ ይላል፦

አንደኛ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን የሁላችንም ስልክ ሳሎን፣ ከቡፌው ላይ ይተኛል። ቻርጀሮቹም እዚያው ናቸው። «ለሱብሒ አላርም ያስፈልገኛል» የሚለው ሰበብ እንዳይኖር ከመርካቶ ሁለት የድሮ ደውል ሰዓቶች ገዛን። ድምፃቸው ጎረቤት ይቀሰቅሳል፤ ግን ፌዝ አይልኩም።

ሁለተኛ፣ ምግብ በቀረበበት ቦታ ስልክ አይቀርብም፤ እንግዳ ቢኖርም እንኳ።

ሦስተኛ፣ የማንንም ሰው ፎቶ ሳይጠይቁ መለጠፍ የለም። ይህ እኛንም ይጨምራል። ትንሿን ልጃችንን ስታለቅስ ቀርጸን ለዘመድ ስንልክ ማን ፈቀደልን? ጅዳ ላለችው አክስታቸውም ነገርናት፤ «እኔም የላካችሁልኝን ለሰው ሳሳይ ነበር» ብላ ተስማማች። ሐያእ የሴት ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ምስል የያዘ ሁሉ አማና ይዟል።

አራተኛ፣ ያላጣሩትን ወሬ ማስተላለፍ የለም። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን አስቀድመን እንድናጣራ ያዘናል። በአገራችንም የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ወንዱ ልጃችን አንድ ጊዜ «ነገ ትምህርት የለም» የሚል የሐሰት መልእክት ለክፍሉ ልጆች አስተላልፎ ሰባት ልጆች ቀርተዋል። ያን ቀን ከሱ ጋር አብረን ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል።

አምስተኛ፣ በድብቅ መበርበር የለም። በዚህ ላይ ሁለታችን ብዙ ተከራክረናል። አንዳችን «ወላጅ የልጁን ስልክ ቢያይ ምን አለበት?» ስንል፣ አንዳችን ደግሞ ያቺው ሱራ የሰው ነውር መሰለልን እንደከለከለች አስታወስን። የተስማማንበት ይህ ነው፦ ማየት አለ፤ መሰለል የለም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ስልኩን ይዘው አጠገባችን ይቀመጣሉ። ማን እንደሚከተላቸው፣ ማን እንደሚጽፍላቸው፣ አካውንቱ ዝግ መሆኑንና ምን ያህል ሰዓት እንደተጠቀሙ አብረን እናያለን። ከጓደኞቿ ጋር የተጻጻፈችውን ግን አናነብም።

ስድስተኛውና ዋናው፦ የደረሰበትን ችግር የነገረ ሰው ስለ ተናገረ ስልኩ አይወሰድበትም። ስሕተቱ የራሱ ቢሆንም እንኳ። ውሉን ከሰዓቱ አሳልፎ የተጠቀመ ሊቀጣ ይችላል፤ የነገረ ግን አይቀጣም። ይህን ስንል ልጃችን «ወላሂ በሉ» አለችን። አልን።

ውሉ ሲፈተን

ሁሉ ነገር ቀና ሆነ ብንላችሁ እንዋሻለን። ውሉን መጀመሪያ ያፈረሰው አባወራው ነው። በሦስተኛው ቀን ምሽት የዕቃ ዋጋ ለመጠየቅ ስልኩን ከቡፌው ላይ አንሥቶ ተያዘ። ቅጣቱም ለማግስቱ ፉጡር ለቤተሰቡ ሁሉ ሳምቡሳ መግዛት ሆነ። ያን ረመዷን ብዙ ሳምቡሳ በልተናል። ወንዱ ልጅ የሞተ ባትሪ ያለው አሮጌ ስልክ ቡፌው ላይ አስቀምጦ የራሱን ትራሱ ሥር አድርጎ ሲገኝም ስቀናል፤ ቀጥተነዋልም። ባዶ ሰዓትም ዝም ብሎ አይሞላም። ከዐሥር ሶላት በኋላ ኳስ የሚጫወትበትን ሜዳ ፈልገንለታል፤ እሷም ወደ መድረሳዋ ተመልሳለች። ስልኩም ሙሉ በሙሉ ክፉ አይደለም። ሒሳብ የምትማርባቸውን ቪዲዮዎች ያገኘችው፣ አክስቷን ፊት ለፊት እያየች የምታወራው በእርሱ ነው።

ትክክለኛው ፈተና የመጣው ግን በሰኔ ወር ነበር። አንድ ማታ፣ ስልኮቹ ሊተኙ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ ልጃችን ሳሎን መጥታ ዝም ብላ ስልኳን ዘረጋችልን። አንድ የማናውቀው ሰው ጽፎላታል። መጀመሪያ ጎበዝ ተማሪ መሆኗን እንደሰማ፣ ቀጥሎ የውጭ ትምህርት ዕድል እንደሚያገኝላት፣ በመጨረሻም «ፎቶሽን ላኪልኝ፤ ለቤተሰብ አትንገሪ» ይላል። እሷም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መልእክቶች መልሳለት ነበር። ይህንንም አልደበቀችም።

እውነቱን እንናገር። እጃችን ስልኩን ሊነጥቅ ተዘርግቶ ነበር። የድሮው ቁጣ እንደገና ጉሮሯችን ላይ ደረሰ፤ «ለምን መለስሽለት?» የሚለው ቃል ምላሳችን ጫፍ ላይ ነበር። እሷ እጃችንን እያየች ነው። ለአፍታ ያህል ሦስታችንም አልተነፈስንም። ከዚያ እጃችንን መለስነው። «ማሻአላህ፤ መንገርሽ ጥሩ ነው። ነይ፣ አብረን እንየው» አልናት። መልእክቱን አስቀረን፤ ሰውየውን ሪፖርት አድርገን ብሎክ አደረግነው። «ለቤተሰብ አትንገሪ» የሚል ማንኛውም ሰው ለእሷ በጎ እንደማያስብ ነገርናት። «እኔም እዚያ ላይ ስደርስ ነው የመጣሁት» አለች። ከዚያም ስልኩን ራሷ ከቡፌው ላይ አስቀምጣ ልትተኛ ሄደች።

ሁለታችን ግን ያን ሌሊት ቶሎ አልተኛንም። በኅዳር የነጠቅነውን ስልክና በሰኔ በገዛ እጇ የዘረጋችልንን ስልክ እያነጻጸርን ቆየን። ስልኩ ያው ስልክ ነው፤ ልጅቷም ያችው ልጅ ናት። በመካከሉ የተለወጥነው እኛ ነን።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችንን ከዚህ ዘመን ልናወጣቸው አንችልም፤ ለዘመኑም አሳልፈን አንሰጣቸውም። ሰዓቱን ወስኑ፤ ስልኩን ከመኝታ ክፍል አውጡ፤ ዕድሜያቸውን በእውነት ያስመዝግቡ፤ የራሳችሁንም ስልክ አስቀምጡ። ከሁሉ በላይ ግን ችግር ሲገጥማቸው ወደ ማን እንደሚሮጡ ጠይቁ። ወደ እናንተ ካልሆነ፣ የቆለፋችሁት ቁም ሣጥን ስልኩን እንጂ ልጁን አይጠብቅም።

እናንተ ልጆቻችንም፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ወላጆቻችሁ የሚቆጡት ብዙ ጊዜ ስለሚፈሩ ነው። የደረሰባችሁን ዛሬውኑ ንገሯቸው። ለእናታችሁ መንገር ከከበዳችሁ ለአክስታችሁ፣ ለመምህራችሁ ንገሩ። ለሦስት ሳምንት ብቻችሁን አትሸከሙት።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም የምንነገር ወላጆች ያድርገን። አሚን።